ጊታር የያዘ ልጅ አልጠፋም

በቅርቡ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስለ ልጅ አስተዳደግ በተጠራ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ሰው፣ ልጆቻችንን ይነጥቁናል ካሏቸው ነገሮች መካከል ከዕፅ ቀጥለው የጠሩት ሮክን ነው። ሮክ የነጭ ሙዚቃ ነው አሉ። ክፍሉን ዘግቶ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚያስጮህ የሀበሻ ልጅ ማንነቱን የጣለ፣ የጠፋ ልጅ ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። ያ ሁሉ ወላጅ የገዛ ልጁ ምን እንደሚሰማ፣ ለምን እንደሚሰማው አንድ ቀን ሳይጠይቅ ፍርዱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

የነጭ ሙዚቃ! ይህን የተናገሩት እኮ የባድ ብሬንስ አገር ላይ ቆመው ነው። ባድ ብሬንስ ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ የወጡ አራት ጥቁር ወጣቶች ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፓንክ የተባለውን የሮክ ዓይነት በዚያን ጊዜ ባልተለመደ ፍጥነት መጫወት ጀመሩ፤ በከተማዋ ከእነሱ በኋላ ጊታር ያነሱት ነጭ ልጆች መድረክ ሥር ቆመው ከእነሱ ነው የተማሩት። ከዚያ አስቀድሞ ጥቁሩ የሮክ ጊታሪስት ቸክ ቤሪ አለ። ከቸክ ቤሪም በፊት ኤሌክትሪክ ጊታሯን አንግታ መንፈሳዊ መዝሙር የምትዘምረው ሲስተር ሮዜታ ታርፕ አለች። ጥቁሮች የሠሩትን ቤት የነጭ ነው ብሎ ልጅን ከደጃፉ መመለስ ምን የሚሉት ማንነት ጥበቃ ነው?

እኔ ይህን ሙዚቃ ያገኘሁት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ በመጣን ሰሞን ነው። ደብሊው ኤች ኤፍ ኤስ የሚባል ሬዲዮ ጣቢያ 99.1 ላይ ቀን ከሌት ኦልተርኔቲቭ ሮክ ይለቅ ነበር። እናቴ የሌሊት ሥራ ስለምትገባ ሬዲዮው ጆሮዬ ሥር ያድራል። ኒርቫናን፣ ፒክሲስን፣ ስማሺንግ ፓምኪንስን ያወቅኳቸው በዚያ ነው። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛዬ ስለሚስቁብኝ ቀኑን አፌን ይዤ እውላለሁ። ማታ ግን ቀን የዋጥኩት ሁሉ በሌላ ሰው ጉሮሮ ሲወጣ እሰማለሁ። ቃሉ ሁሉ አይገባኝም፤ ንዴቱ ግን አንድም ሳይቀር ይገባኝ ነበር። ልጅ በዚያ ዕድሜው እንደኔ የሚብሰለሰል ሌላ ሰው እንዳለ ማወቁ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔን ከብዙ ነገር አትርፎኛል።

አንድ የክፍሌ ልጅ የባድ ብሬንስን የመጀመሪያ አልበም አዋሰኝ። በ1982 በካሴት ብቻ የወጣው ነው። ሽፋኑ ላይ መብረቅ የካፒቶልን ጉልላት ይመታል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሳጫውተው ድራሙና ጊታሩ እርስ በርስ የሚሽቀዳደሙ ይመስላሉ፤ ትንፋሽ አጠረኝ ስትል ድንገት ረገብ ይልና ሬጌ ይሆናል፣ ጃህን ያወድሳል። ልጆቹ ራስታዎች ናቸው። እናቴ ከሥራ ገብታ ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ ስታየው አነሳችው፤ ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠችውና «ይሄ የኛ ባንዲራ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ራስታዎች ጃንሆይን እንደ አምላክ የሚያዩት ለምን እንደሆነ የጠየቅኳት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ማይጨው መጣ፣ ስደቱ መጣ፣ የጄኔቫው ንግግር መጣ፣ የአያቴ ታሪክ መጣ። ያን ሁሉ ያስጠየቀኝ ካሴቱ ነው። ተናጋሪው ጠፋ የሚሉት ልጅ አገሩን መፈለግ የጀመረው በዚያ በኩል ነው።

ስብሰባው ሲያበቃ የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ተከፈተና ሰውዬው የኛ ማለት ይህ ነው አሉ። ልክ ናቸው፣ የኛ ነው። እንዴት የኛ ሆነ የሚለውን ግን አልነኩትም። ዓለማየሁ በልጅነቱ ኤልቪስ ኤልቪስ ሲል ያደገ፣ ዘፈኑንም አለባበሱንም የወሰደ ወጣት ነበር። በ1969 የመጀመሪያ ሸክላውን ያሳተመለት አምሃ እሸቴም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር፤ ሸክላ የማሳተሙ መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ። ዛሬ ወርቃማ ዘመን ብለን የምንኮራበትን ድምፅ የሠሩት የውጭ ሬዲዮና ሸክላ እያሳደዱ የሚሰሙ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ በእኚህ ሰው ፍርድ ቢዳኙ ኖሮ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የሚከፈት ዘፈን ባልነበረ።

ሌላም አለ። ኬና የሚባለው ሙዚቀኛ ኢትዮጵያ ተወልዶ ቨርጂኒያ ቢች ነው ያደገው። ልጅ ሳለ ዩ ቱ የተባለውን የሮክ ባንድ «ዘ ጆሹዋ ትሪ» አልበም ሰምቶ ሙዚቃ ውስጥ ገባ። በ2003 የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ የሬዲዮ ሰዎች የት እንደሚመድቡት ጠፋቸው፤ ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌልም «ብሊንክ» በተባለው መጽሐፉ ስለ እሱ ጽፏል። ጥቁር ነው፣ ሙዚቃው ደግሞ እነሱ ለጥቁር በከለሉት ሣጥን ውስጥ አይገባም። እንግዲህ የእኛ ተናጋሪ ማንነት ብለው ያስተማሩን ያንኑ ሣጥን ነው። የአሜሪካ ገበያ ለጥቁር ያሰመረውን መስመር ተቀብለው ባህላችን ብለው ሰየሙት!

ሮክ ጩኸት ነው ለሚለው የተለመደ ክስ ደግሞ መልሱ ሽለላ ነው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ ያን ድምፅ ሰምቶ ጸጥታ የሚል ማን ነው? በ2004 አምስተርዳም ላይ ዘ ኤክስ የሚባለውን የሆላንድ ፓንክ ባንድ ሰሙ። ያጅቡኝ ብለው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው፣ ያውም ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል። በ2006 አብረው «ሞአ አንበሳ»ን አወጡ። እዚያ አልበም ላይ የነዚያ ፓንኮች ጊታር የሽለላውን ወኔ ተሸክሞት ይሄዳል እንጂ አያፍነውም።

ከስብሰባው ስንወጣ አንዲት እናት፣ ልጇ በክረምት ሥራ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን ጊታር ልትሸጠው እንደቆረጠች ስትነግር ሰማኋት። እህቴ፣ አትሽጪበት። ድምፁ ከረበሸሽ የጆሮ ማዳመጫ ግዢለት፤ ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጪና የሚወደውን አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አሰማኝ በይው።