ዋጋው አልወረደም ማለት መኪናው አይበላሽም ማለት አይደለም

አምበር ወይም ቢቸና ተቀምጦ መኪና ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ሲደውል አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ አይደለም። «ስሸጠው ገንዘቤን ይመልሳል ወይ?» ይላል። መልሱም የታወቀ ነው፦ ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ፣ እዚህ አገር የተገጣጠመ ከሆነ ግን ገዢ አታገኝም። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው። ሆኖም የመሸጫ ዋጋንና ጥንካሬን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ብዙ ሰው ጎድቷል።

ቶዮታ ጠንካራ አይደለም ማለቴ አይደለም። ኮሮላና ሃይሉክስ በእኛ መንገድ ላይ ስማቸውን የተከሉት ሠርተው ነው። የምቃወመው ዋጋን የጥንካሬ ምስክር አድርጎ ማቅረብን ነው። በ2012 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ የኤክሳይዝ ታክስ የጣለው አዋጅ ቁጥር 1186 ገና ረቂቅ ሳለ፣ ወሬው እንደተሰማ፣ አገር ውስጥ የነበረው የቶዮታ ቪትዝ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። ማታ የቆመው መኪና ነው ጠዋት የተወደደው። ሞተሩም ፍሬኑም ያው ነበር፤ የተለወጠው ከውጭ የሚገባው ተተኪ መጥበቡ ብቻ ነው። በጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር በአጭር ጊዜ ክፉኛ ወረደ። ሃያ ዓመት የሠራ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ የሚሸጠው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ጃፓን ሆኖ ጥሩ ስለሠራው ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላውም አገር እንዲሁ በሆነ ነበር።

የአክሲዮን ገበያ ያላቸው አገሮችም ከዚህ ስህተት አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የቴስላ የአክሲዮን ጠቅላላ ዋጋ ከቶዮታ በለጠ። በዚያው ዘመን ቶዮታ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ሲሸጥ ቴስላ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም ነበር። ባለ አክሲዮኑ የሚገዛው ነገ ይሆናል ብሎ የገመተውን ነው፤ የፍሬን ሸራ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቆይ አይነግረንም። እኛ ዘንድ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው የተከፈተው በጥር 2017 ስለሆነ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ያጣ ሰው መኪናውን ራሱን አክሲዮን አደረገው። የጤፍ ገንዘቡን አምጥቶ ቪትዝ ላይ ያዋለው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። አልፈርድበትም፤ ብሩ ከእጁ እየሟሸሸ ምን ያድርግ? ግን የዚህ ዳፋ ከባድ ነው። ዋጋው የማይወርድ መኪና አይጣልም። ሊወገድ የሚገባው አሮጌ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወርዶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ የምናየው፣ ባለቤቱ ሊያስወግደው ያልቻለው ቅርስ ሆኖበት ነው።

አገር ውስጥ የተገጣጠመውን መኪና ሰው የሚሸሸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በሞጆ መኪና እየገጣጠመ ዓባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ የሚሉ ስሞች ሰጣቸው። ስማቸው የእኛ፣ ክፍላቸው የውጭ ነበር። ድርጅቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ፤ መኪናውን የገዛው ሰው ብቻውን ቀረ። ሊፋንም ዱከም ላይ እየተገጣጠመ በብዛት ተሸጠ፤ የቻይናው እናት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገባ። የመንግሥት ድርጅት የነበረው ሜቴክ ቢሾፍቱ ላይ ገጣጥሞ ለአንበሳ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ካስረከባቸው አውቶቡሶችም ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ቆሙ። በዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ተደርጎ የቀረበው «የአገር ውስጥ ሥራ» ነው። ቡሎኑን ያጠበቀው እጅ ግን ምን አጠፋ? ጉድለቱ ከሽያጩ በኋላ መለዋወጫ የሚያቀርብ፣ ቃሉን የሚጠብቅ አለመኖሩ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ካስፈለገ ቅጥቅጥ የሚባለውን አውቶቡስ እንይ። ሻሲውና ሞተሩ አይሱዙ ነው፤ አካሉን ግን ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ ፖርቶመጋላውን ጨምሮ የእኛው ጋራዦች ላሜራ ቆርጠውና በይደው ሠርተውታል። ማንም «የአገር ውስጥ ፋብሪካ» ብሎ ሪባን አልቆረጠለትም። ያም ሆኖ በጎጃም መንገድ ሕዝቡን ከነኩንታሉ ያመላለሰው እሱ ነው። አምበር ላይ መንገድ ዳር አንዱ ባልስትራው ተሰብሮ ሲቆም መካኒኩ በክሪክ ያነሳዋል፣ ከሌላ አይሱዙ የወጣ አሮጌ ቅጠል ፈልጎ ከተሰበረው ጋር ያስተያያል፣ ቀዳዳውን ያስተካክላል፣ ተሳፋሪው ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል፣ መኪናው ይሄዳል። ባጃጁም እንዲሁ ነው። የሕንድ ይሁን የእኛ ማንም አይጠይቅም። ካንዴላውና የፍሪሲዮን ገመዱ ቅርብ ካለ ሱቅ ይገዛል፤ ሞተሩ መሬት ላይ በተነጠፈ ካርቶን ላይ ወርዶ ተጠግኖ ይነሳል። አስተማማኝነት ማለት ይህ ነው፤ የሚበላሸው ክፍል ቅርብ መሆኑ፣ የሚያውቀው እጅም ቅርብ መሆኑ። ይህን ደግሞ ስም ብቻ አይሰጥም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ከአዲስ አበባ መለዋወጫ ያልደረሰለት ቶዮታም እንደማንኛውም መኪና ይቆማል።

አሁን ያንኑ ስህተት በኤሌክትሪክ መኪና እየደገምነው ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ የሚያወራ መኪና ከጅቡቲ ይገባል፣ ደላላው «ዋጋው ገና ይጨምራል» ይላል፣ ገዢውም አምኖ ይከፍላል። ባትሪው ቢበላሽ ደብረ ማርቆስ ላይ ማን ይከፍተዋል? መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ቀንሷል፦ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ለሚገባ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ አልቆ ለሚመጣ 15 በመቶ። ቅናሹ አስፈላጊ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን መለኪያው መኪናው ሲገባ የተፈታ ነው ወይስ የተገጠመ የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። ገጣጣሚው ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ቢያንስ በየዞኑ ዋና ከተማ፣ የመለዋወጫ መጋዘንና የሠለጠነ መካኒክ እንዲኖረው ይገደድ። ይህን ላላሟላ በሚቀጥለው ዓመት ቅናሹ አይታደስለት።