ሳተላይት ስም አይሰማም

«ሳተላይቱ ሁሉን እያሳየ፣ የእረኛ ስም መልቀም ምን ያደርጋል?» አለኝ አንድ የተማረ ወዳጄ፡፡ በዕለቱ ዝም አልሁት፤ መልሴ እነሆ፡፡

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ፈፋው፣ ቋጥኙ፣ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ሁሉ የየራሱ ስም አለው፡፡ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ስንቱ ምንጭ ተውጦ ይቀራል! የተጻፈውም ቢሆን በላቲን ፊደል ነው፡፡ በዚያ ፊደል ቀና ከ፣ ጠና ተ አንድ ልብስ ይለብሳሉ፤ የእኛው ጸሐፊ መልሶ ሲገለብጠው የሰሜን ወሎዋ ቆቦ «ኮቦ» ትሆናለች፡፡ (ፊደላችንም ከነቀፋ አያመልጥም፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፡፡ ስለዚህ የሽማግሌው ድምፅ ራሱ ሊቀዳ ይገባል፡፡)

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፡፡ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ያያት መካነ ሥላሴ፣ እንደ አትሮንሰ ማርያም ሁሉ፣ በ1531 በኢማም አህመድ ጦር ተቃጥላለች፡፡ እንዲህ ያሉትን የቤተ አምሐራ ስፍራዎች የሚፈልግ ሰው በምን ይመራል? ዜና መዋዕሉና «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የጠቀሱትን ስም ዛሬ በገበሬው አፍ ካለው ጋር እያስተያየ ነው፡፡ ገበሬው ስሙን የረሳው ዕለት መጽሐፉ ብቻውን ይቀራል፡፡

ከመርሳት የከፋው ደግሞ ስም ማጽዳት ነው፡፡ ቦረና በደቡብ ካለው ቦረና ጋር አንድ የኦሮሞ ጎሣ ስም ይጋራል፡፡ የለገሂዳ «ለገ» ወንዝ ነው፤ የወረሂመኖ «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፡፡ በመካከላቸው መካነ ሰላም በግዕዝ ስሟ ተቀምጣለች፡፡ አንዱ ተነሥቶ «የጥንቱ ይህ አይደለም» ብሎ ይፍቃል፤ ሌላው ለሁሉም ስም ከራሱ ቋንቋ ፍቺ ይሰፋለታል፡፡ ሁለቱንም እቃወማለሁ፡፡ ሰው የሚጠራው ስም እንደተጠራ ይጻፍ፤ ፍቺው ይቆየን፡፡

የኢትዮጵያን የቦታ ስሞች በሺህ እየቈጠረ የሰበሰበልን ስዊድናዊው በርንሃርድ ሊንዳል ነው፡፡ ምስጋና ይገባዋል፡፡ ዳሩ ግን የሰበሰበው በአብዛኛው ከመጻሕፍትና ከካርታ ነው፤ መጽሐፍ ያልደረሰበትን ፈፋ ከየት ያምጣው? ያ የእኛ ዕዳ ነበር፡፡ ግጥም ስናነብ «አገር፣ አገር» እንላለን፤ የአገሩን ጅረት በስሙ የሚጠራ ግን ከመካከላችን ስንት ነው? ለክረምት ዕረፍት ወደ ቦረና ወይም ወደ ሳይንት የሚገባ ተማሪ ኪሱ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይዟል፡፡ የተናጋሪውን ቀበሌ፣ የተቀዳበትን ቀን፣ የስፍራውን ምልክት አክሎ ማስቀመጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ወዳጄ ያደገው በዚያው አፋፍ ላይ ነው፡፡ በልጅነቱ ከብት ያጠጣበትን ምንጭ ስም ጠየቅሁት፤ ሳያመነታ ነገረኝ፡፡ ቀጥዬ ልጆቹን ጠየቅሁ፡፡ እርስ በርስ ተያዩ፡፡