ስምን መልአክ አያወጣውም

ሐኪም ቤት ገብቶ ክኒን ሳይዝ የሚወጣ ስንቱ ነው? ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም «ክኒን» እንላለን። ቃሉ መጀመሪያ የአንድ መድኃኒት፣ የወባው የኪኒን ስም ነበር። እሱም «ኪና» ከሚለው የኬቹዋ ቃል ይመዘዛል፤ የአንዲስ ተራራ ሰዎች የዛፍ ቅርፊት ሲሉ ነው። ሳናውቀውም ቢሆን የባለቤቶቹን ቃል እንጠራለን። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ያህል እንኳ አላደረጉላቸውም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። በዕፅዋት መዝገብ ግን ስም የሚያወጣው ብዕር የያዘው ነው። ፈረንሳዊው ላ ኮንዳሚን እ.ኤ.አ. በ1737 ሎሃ አጠገብ፣ በዛሬዋ ኢኳዶር፣ ዛፉን አይቶ ጻፈ። ስዊድናዊው ሊኔየስ ደግሞ ደቡብ አሜሪካን ሳይረግጥ በ1742 የዛፉን ወገን «ሲንኮና» አለው። በማን ስም? በፔሩ የስፔን እንደራሴ ሚስት፣ በቺንቾን እመቤት! ቅርፊቱን ጠጥታ ከወባ ዳነች ተብሎ ይወራ ነበራ። በ1941 ሀጊስ የተባለ ተመራማሪ የዘመኑን መዛግብት ቢያገላብጥ፣ ወሬው ውኃ የማያነሳ ሆኖ አገኘው።

«የስም ነገር ምን ቸገረን? ዋናው መድኃኒቱ!» የሚል አይጠፋም። ስም ቀላል ነገር ቢሆንማ ኖሮ፣ እንግሊዛዊው ክሌመንትስ ማርካም በ1874 ስለ እመቤቲቱ መጽሐፍ ጽፎ፣ ሊኔየስ ከስሟ አንድ ፊደል ገድፏልና ይታረም እያለ ባልተሟገተ። ለአንድ ፊደል እኮ ነው!

ያን ጊዜ ማኑዌል ኢንክራ ማማኒ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማማኒ የቦሊቪያ ተወላጅ፣ የእንግሊዛዊው ነጋዴ የቻርልስ ሌጀር ሠራተኛ ነው። የትኛው ዛፍ እንደሚያሽር ለይቶ ያውቃል። ውርጭ አበባውን እየመታበት ዓመታት ጠብቆ፣ በ1865 ዘሩን ለሌጀር አደረሰ። ዘሩን ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነበርና ኋላ ታሰረ፣ ተደበደበ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዘሩን የሆላንድ መንግሥት ገዝቶ ጃቫ ላይ ተከለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዓለም ኪኒን 90 በመቶ ያህሉ ከዚያ ይወጣ ነበር። ዛፉስ ምን ተባለ? «ሌጀሪያና»። በጌታው ስም!

ሕግ አለ ይሉናል፦ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል። ለሥርዓት ይጠቅማል፤ አልክድም። ግን ይህ ሕግ የሚያውቀው ቀድሞ ያሳተመውን እንጂ ቀድሞ ያወቀውን አይደለም። ደግሞም መዝገቡ አይነካም የሚለው ሰበብ አብቅቶለታል። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ሊቃውንት፣ ከ200 በሚበልጡ ስሞች ውስጥ የነበረውን ጥቁር አፍሪካውያንን የሚሰድብ ቃል እንዲለወጥ በድምፅ ወስነዋል። ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው።

እኔ ሲንኮና ይሰረዝ አልልም። ስለ ኪኒን የሚያስተምር ሁሉ ግን ሊኔየስንና ሌጀርን ጠርቶ ማማኒን ከዘለለ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያስተማረው። ያላሳተመ ሁሉ ያላወቀ አይደለም።