አንደኛ ስለ መባል

በቆቦ ቆላ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከተራራው ይወርዳል፤ ገበሬውም በቦይ እየመለሰ ማሳውን ያጠጣል። ከላይ ያለው ሰው ውሃውን ሁሉ ለብቻው ቢያስቀር የታችኛው ሰው ማሽላ ይደርቃል፤ ስለዚህ በተራ ይካፈላሉ። ውሃ ሲካፈሉት ይጎድላል፤ ገበሬው ግን ያካፍላል።

ዕውቀት ሲካፈሉት አይጎድልም፤ ተማሪው ግን ይደብቀዋል። የሒሳቡን መንገድ ያገኘ ልጅ ጓደኛው ቢጠይቀው «አላውቅም» ይላል፤ አንደኛነቱን እንዳይወስድበት ይፈራልና። ፉክክር ሰነፉን እንደሚያነቃ አይካድም። በቅኔ ቤትም ፉክክር አለ፤ ማን አሳመረ፥ ማን ተሳሳተ ይባላል። ነገር ግን በዚያ ቀድሞ የተማረው ለጀማሪው ግሥ ያስነግራል፤ እርሱም ሲያስነግር የራሱን ትምርት ያጸናል። የሚደብቅ ልጅ ይህን ጥቅም ያጣል።

ደግሞም አንደኛ መባል ከጓደኛ መብለጥ እንጂ ሁልጊዜ ማወቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፥ በመላው ኢትዮጵያ ከ100 ተፈታኞች ግማሽ ነጥብ ያገኙት 4 እንኳ አልሞሉም። ከ1,000 በሚበልጡ ትምርት ቤቶችም አንድ ስንኳ ያለፈ ተማሪ አልተገኘም። በነዚያም ትምርት ቤቶች በየክፍሉ አንደኛ የሚባል ልጅ ነበረ።

መጨረሻ የወጣውስ? ደረጃው በወላጆች ፊት ሲነበብ አንገቱን ይደፋል። አንዳንዱም በመስከረም አይመለስም፤ ከብት ጥበቃ ይሄዳል፤ በዚያ ደረጃ የሚያነብበት የለምና።