አሮጌውን ፓወር ግዕዝ አታጥፉብን

የዛሬው ነገሬ የኮምፒውተር ነው፤ ግን መምህራን፣ ጸሐፊዎችና የሪከርድ ክፍል ሰራተኞች በደንብ ይገባችኋል።

ክረምት በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር "ፎርማት" ያስደርጋሉ። ባለሙያው ይመጣል፣ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፣ አዲስ ዊንዶውስና አዲስ ኦፊስ ይጭናል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ዶክመንቶቹ በፍላሽ ወጥተው ስለተመለሱ ማንም ምንም የጠፋ አይመስለውም። ጉዱ የሚታየው አንድ የቀድሞ ተማሪ ማስረጃ ሊያወጣ ሲመጣ ነው። ሮስተሩ ይከፈታል፤ ማርኩ በእንግሊዝኛ ፎንት ስለተሞላ 87፣ 64፣ 91 እያለ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የስም ዓምዱ ግን የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኗል። 91 የማን ነው? እሱን የሚያሳየን የተጠረገው ፎንት ብቻ ነበር። ይሄ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ቡራዩና ሱሉልታ የሚያስተምሩ ጓደኞቼም ተመሳሳይ ነገር ነግረውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ቨርዥን 3.0 ሲወጣ ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በቪስታ ነው፣ 2007 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ የምንጽፈው በእነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነበር። የድሮዎቹ ፎንቶች የሚያደርጉት የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ማልበስ ነው። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል መስሎት ያስቀምጠዋል፣ ፎንቱ "ሀ" አድርጎ ያሳየናል። ፎንቱን ስታነሱት ልብሱ ወለቀ ማለት ነው። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው ፊደላችንን በሁለት በሦስት ፎንት የከፋፈሉትም ነበሩ። ያ ዘዴ ባይኖር ያኔ በኮምፒውተር አማርኛ ባልጻፍን ነበር፤ ስለዚህ "አሮጌ ቆሻሻ" ሲባል ደስ አይለኝም።

(የአፋን ኦሮሞ መምህሩ ጓደኛዬ ይስቅብኛል። ቁቤ በላቲን ስለሆነ የድሮ ፋይሉ የትም ኮምፒውተር ላይ ይነበብለታል።)

እኔ የምለው፦ አዲሱን ጫኑ፣ አሮጌውንም ከጎኑ ተዉት። ለማንበብ ብቻ ከሆነ የድሮዎቹ ፎንቶች ይበቃሉ። ለማረም ግን ፕሮግራሙ ራሱ ያስፈልጋል፤ በአዲሱ ኪቦርድ የምትጨምሩት ቃል ዩኒኮድ ስለሚሆን አንድ መስመር ውስጥ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይደባለቃል። "ኮምፒውተር ያጨናንቃል" የሚሉኝ አሉ። ፎንት እኮ ከአንድ ዘፈን ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው! እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ሁለት የአማርኛ ኪቦርድ አንድ ላይ ከተከፈተ ቁልፎቹን ይሻማሉ። አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት ነው፣ በቃ። ሁለት ቨርዥን ኦፊስ የሚፈልግም መጀመሪያ አሮጌውን፣ ከዚያ አዲሱን ይጫን፤ 32 ቢትና 64 ቢት ግን አይቀላቅል። የኮፒ ቤት ልጆች ይሄን ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ደንበኛ በፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ያገኙትን ፎንት ሁሉ አጭቀው ነው የሚጠብቁት። ፈረንጆቹስ ቢሆኑ? ፓይተን 3 በ2008 ወጥቶ የፓይተን 2 ድጋፍ የተቋረጠው በ2020 መጀመሪያ ነው። ሰው የድሮ ሥራውን እስኪያሻግር ከ11 ዓመት በላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጭኖ ኖሯል።

እስኪያሻግር ነው ታዲያ፤ ለዘላለም ይኑር አላልኩም። በድሮ ፎንት የተጻፈ ስም በአዲሱ ኪቦርድ ብትፈልጉት አይገኝም፣ ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍ ዝባዝንኬ ይሆናል። እዚህ ሰበታ ደግሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ቅርጹን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ኮድ ነው፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ ኖት ለዓይነ ስውር ተማሪ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ። ግን ተለውጦ የወጣውን ከዋናው ጋር ማስተያየት ግድ ነው፣ በተለይ ስም። ዋናውን የሚያሳየን ደግሞ ያው አሮጌው ፎንት ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ ዘንድሮ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት አንድ ኮምፒውተር ለይታችሁ አስቀሩልን። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ውስጥ "ፎንትስ" የሚለው ፎልደር ያለውን ፍላሽ ላይ ገልብጡት። መጫኛ ሲዲው መሳቢያ ውስጥ ካለም አትጣሉት። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ያላችሁና ሮስተር አልነበብ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ አለኝ።