መምህሩ እዚያው የሚያድርበት ትምህርት ቤት

የገጠር ትምህርት ቤት ችግር ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሰው የመማሪያ ክፍል፣ የመጽሐፍና የዴስክ እጥረት ነው። ሁሉም እውነት ነው። መምህሩ ማታ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በወለጋ የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን የተከሉ መምህራን ታሪክ ይህ ጥያቄ መቅደም እንዳለበት ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ስዊድናውያን ሚስዮናውያን ወደ ኦሮሞ ምድር ለመዝለቅ ለዓመታት ያደረጓቸው ጉዞዎች ከሽፈዋል። ሥራው መሬት የያዘው የአገር ልጆች ሄደው እዚያው ሲኖሩ ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከሥራ ባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ንባብ ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ተከተለ። በ1904 ወለጋ ገብተው መጀመሪያ በቦጂ፣ ቀጥሎም በነቀምቴ ተቀመጡ። ቦጂ ላይ ቀድሟቸው ያስተምር የነበረው ገብረ ኤዎስጣቴዎስም ከኤርትራ ተነስቶ ኑሮውን እዚያው ያደረገ ሰው ነበር።

በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የመምህር ሥራ በደወል ተጀምሮ በደወል አያልቅም። ጠዋት ጸሎትና መዝሙር፣ ከዚያ ፊደል ማስቆጠርና ሒሳብ፤ ከሰዓት በኋላ ቁስል ማጠብ ወይም አቤቱታ ላለው ገበሬ ማመልከቻ መጻፍ፤ ሲመሽ ቀን እርሻ ላይ ለዋሉት በፋኖስ ማስነበብ። ልጁ ሁለት ቀን ቢቀር ከብት ጥበቃ መዋሉን መምህሩ ያውቃል፤ አባቱን ገበያ መንገድ ላይ አግኝቶ ያነጋግረዋል። ዛሬ በቅጽ ተሞልቶ ለወረዳ የሚላከው የመጠነ ማቋረጥ ሪፖርት ያኔ በጎረቤት ወግ ይፈታ ነበር። እዚህ ላይ ሚስዮኑ ብቻውን አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ፊደል የሚያስቆጥሩት የኔታም መንደሩ ውስጥ ነዋሪ ነበሩ።

«እነዚያ ሰዎች የመጡት ሃይማኖት ለማስለወጥ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ትክክል ነው፤ አልሸሸጉትም። ውዝግቡም መንግሥት ድረስ ደርሶ ነበር። በ1906 ካህናት ኦኔሲሞስን ከሰሱት፤ በመጨረሻ ስብከቱ ተገድቦ በነቀምቴ ማስተማሩን እንዲቀጥል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚስዮኖች ደንብም መስበክ የሚፈቀድባቸውንና የማይፈቀድባቸውን አካባቢዎች ለይቷል። ስብከት ሲታገድ ትምህርቱ መቀጠሉ ሁለቱ ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ ይመሰክራል። ከእነሱ የምንወስደው የኑሮውን ዘዴ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የማንም እምነት ተከታይ መሆን አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። የዛሬ መምህር ሚስዮናዊ አይደለም፤ ደመወዙ ወር አያደርሰውም፤ ልጆቹን የተሻለ ትምህርት ቤት ማስገባት ይፈልጋል። ከእሱ መሥዋዕትነት መጠየቅ ግፍ ነው። እኔም እስማማለሁ። ሚስዮኑም ቢሆን በቅንዓት ብቻ አልኖረም፤ ጣቢያ ሲተከል የመምህሩ መኖሪያ የዕቅዱ አካል ነበር፤ አቅም በፈቀደበትም ክሊኒክ አጠገቡ ይከፈት ነበር። እኛ ግን ገበሬውን አስተባብረን ክፍል እንሠራና መምህሩን «ቤት ፈልግ» ብለን እንተወዋለን። እሱም ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ወይም ከተማ አድሮ ይመላለሳል። ያኔ ሰኞ አርፍዶ ይደርሳል፣ ዓርብ ሳይመሽ ይወጣል። ለሴት መምህርት ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። የሚቆለፍ በር፣ ሽንት ቤትና ቅርብ ውኃ በሌለበት ቀበሌ ብቻዋን እንድታድር መመደብ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዝውውር ስትጠይቅ የሚወቅሷት ይህን ቢያስቡ ጥሩ ነበር።

በጀት የለም ይባላል። በጀቱ ጠባብ መሆኑ አያከራክርም፤ መምህር የማይሰነብትበት ተጨማሪ ክፍል ግን ከሁሉ የባሰ ብክነት ነው። ስለዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳቸው ከአዲስ የመማሪያ ክፍል በፊት የመምህራን መኖሪያ ያስገቡ፤ ቅድሚያውንም ከመንገድ ለራቁት ቀበሌዎችና ለሴት መምህራን ይስጡ። ወላጆችም ለትምህርት ቤት መዋጮ ስትጠየቁ የመምህሩ ቤት በዕቅዱ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትመለሱ።