ዩኒት ፕላስተር አይደለም

ስታርክራፍት 2 ውስጥ መፈጠር ያልነበረባቸው ዩኒቶች አሉ። ጥቂትም አይደሉም። ይህን ስል ግን "የድሮው ይሻል ነበር" እያሉ ከሚያላዝኑት ጋር አትደምሩኝ፤ የመጀመሪያው ስታርክራፍት ሲወጣ እኔ ገና ዳዴ የምል ሕፃን ነበርኩ። ክርክሬ ናፍቆት የለበትም፣ የአሠራር ክርክር ነው። አንድ አዲስ ዩኒት ለምን ትፈጥራለህ? ተጫዋቹን አዲስ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው ወይስ ትናንት የሠራኸው ዩኒት የቀደደውን ለመድፈን? ለመድፈን ከሆነ ዩኒት አልሠራህም፤ ፕላስተር ለጥፈሃል።

ጌሙን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ስታርክራፍት የሪል ታይም ስትራቴጂ ጌም ነው። ማዕድን ትቆፍራለህ፣ ሕንፃ ትሠራለህ፣ ሠራዊት ታወጣለህ። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንተ ቁጭ ብለህ ስታስብ ባላጋራህ እየሠራ ነው። ሦስት ወገኖች አሉ፦ ሰዎቹ ቴራን፣ እንደ ተምች የሚፈሉት ዜርግ፣ በቴክኖሎጂ የመጠቁት ፕሮቶስ። "ዩኒት" የምንለው እያንዳንዱን ወታደር፣ ታንክና መርከብ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩ እኮ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአበሻ ሰንጠረዥ የሚጀመረው "ወረራ" በሚባል ምዕራፍ ነው፤ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ሪል ታይም ማለት ይኸው ነው። እዚያው ሰሌዳ ላይ ንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ካሬ ብቻ ነው የሚራመደው። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ይህንኑ ደካማ መጫወቻ ወስደው ንግሥት አደረጉት፤ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያቋርጥ ፈቀዱለት። የዛሬው ቼዝ የተወለደው ከዚያ ነው። እስከ ዛሬ ከተደረጉት የዩኒት ለውጦች ሁሉ የተዋጣለት እሱ ይመስለኛል። ሰሌዳው ላይ አንድም መጫወቻ አልተጨመረም። ንግሥቲቱም የሌላ መጫወቻ ጥፋት ልትሸፍን አልመጣችም። ሁለቱንም ተጫዋቾች አንድ ከባድ ነገር ጠየቀች፦ ከእንግዲህ ንጉሥህን እንዴት ትጠብቃለህ?

ወደ ስታርክራፍት እንመለስ። የመጀመሪያው በ1998 ወጣ፤ ብሩድ ዋር የተባለው ማስፋፊያ በዚያው ዓመት ተከተለ። ሁለተኛው የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2010 ነው። በመጀመሪያው ጌም በአንድ ጊዜ ከ12 ዩኒት በላይ መምረጥ አይቻልም ነበር። ዩኒቶቹም መንገድ ይጠፋቸዋል፤ ድራጉን የሚባለው ባለ አራት እግር የፕሮቶስ ማሽን ጠባብ መውጫ ላይ እንደ ሰካራም ሲዞር ማየት የተለመደ ነበር። ሁለተኛው ጌም ሁለቱንም አስተካከለ። የፈለግከውን ያህል ትመርጣለህ፤ ሠራዊትህ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ፕሮግራመር ነኝና ለዚህ አጨበጭባለሁ። ግን ያ የተስተካከለው ጉድለት ሳይታወቅ አንድ ምሰሶ ተሸክሞ ነበር። ዩኒቶቹ ደንቆሮ ስለነበሩ ተበታትነው ነው የሚሄዱት። ብልህ ሲሆኑ ተጠጋግተው አንድ ኳስ ሆኑ። ሠራዊቱ ኳስ ከሆነ ደግሞ አንዴ ተኩሶ በዙሪያው ያለውን ሁሉ የሚያቃጥል መሣሪያ አውሬ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው መዳከም ነበረበት። የቴራኑ ሲጅ ታንክ በመጀመሪያው ጌም መሬት ላይ ተተክሎ ሲተኩስ ጉዳቱ እስከ 70 ይደርስ ነበር። በ2010 በ50 ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከባድ ትጥቅ በሌላቸው ዩኒቶች ላይ ወደ 35 ወረደ። ከሠራዊት ኮታህ የሚበላው ቦታ ግን ከ2 ወደ 3 አድጓል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ዋናው ማስረጃዬ ግን ፕሮቶስ ነው። ሰንሰለቱን አብራችሁኝ ቁጠሩ።

ሁለተኛው ጌም ለፕሮቶስ ዋርፕ ጌት ሰጠው። በዚህ ቴክኖሎጂ ወታደሮችህን ከቤትህ ማስመርመር ቀረ፤ ፓይሎን የምትባል ምሰሶ የተከልክበት ቦታ ሁሉ፣ የባላጋራህ ደጃፍ ላይ ሳይቀር፣ ከአየር ይወርዳሉ። ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ርቀት የሚባለውን ነገር መግደሉ ነው። በእንዲህ ያለ ጌም ርቀት የተከላካይ ትልቁ ሀብት ነው፤ አጥቂው እየተጓዘ ሳለ አንተ ሁለት ወታደር ትጨምራለህ። ርቀት ሲጠፋ እነዚህ ወታደሮች ጠንካራ መሆን አይችሉም፤ ጠንካራ ከሆኑ ጨዋታው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ ደካማ ሆኑ።

ደካማ ስለሆኑ ሴንትሪ የምትባል ዩኒት አጠገባቸው ቆመች። ሴንትሪ ፎርስ ፊልድ የሚባል የማይታለፍ ግድግዳ መሬት ላይ ታኖራለች። የባላጋራህን ጦር ለሁለት ቆርጠህ ግማሹን ትበላለህ፣ ግማሹ ከግድግዳው ማዶ ቆሞ ያያል። የተቆረጠውን ተጫዋች "አሁን ምን ታደርጋለህ?" ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ "እጠብቃለሁ" ነው። ይህ ደግሞ መጫወት አይባልም።

ያም ሆኖ ፕሮቶስ ገና ሲጀምር ቤቱን መጠበቅ አቃተው። በማርች 2013 ሃርት ኦቭ ዘ ስዋርም የተባለው ማስፋፊያ መዘርሺፕ ኮርን ይዞ መጣ፤ በአንዲት ቁልፍ ዋናውን ሕንፃህን ወደ መድፍ የምትቀይር በራሪ ነገር። በኖቬምበር 2015 ሌጋሲ ኦቭ ዘ ቮይድ ሲወጣ መድፍነቱ ወደ ፓይሎኖቹ ተዛወረ። በዚያው ማስፋፊያ ዜርግ ራቬጀር የሚባል ዩኒት ተሰጠው፤ የሚተፋው አሲድ ፎርስ ፊልድን ይሰባብራል። ልብ በሉ፦ አንድ ዩኒት ያመጣውን ችግር ሌላ ዩኒት እንዲያፈርሰው ተደረገ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2017 መዘርሺፕ ኮር ከነጭራሹ ተሰረዘች። በምትኳ የመጣችው ሺልድ ባተሪ ናት፤ የመጀመሪያው ጌም ላይ የነበረች ተራ ሕንፃ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ዞረው ዞረው 1998 ደጃፍ ላይ ተገኙ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይባል የለ? ሥሩ ዋርፕ ጌት ነበር። እሱን በ2015 ነኩት፤ ከራስህ ሕንፃ ርቆ የሚወርድ ወታደር ለመውረድ ብዙ ሰከንድ እንዲወስድበት አደረጉ። ትክክለኛው ጥገና ይሄ ነው። ርቀትን በከፊል መለሰው። ግን አምስት ዓመት ዘገየ፤ በዚያ መሀል ሥሩ ላይ ሦስት ፎቅ ተሠርቶበታል።

ይህን በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁት ነው የሚያንገበግበኝ። በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ሲስተሙ ለደንበኛ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይልክ ነበር። የተደገመውን ፈልጎ የሚያጠፋ ፊቸር ተሠራ። ያ ፊቸር በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እኩል ብር የከፈለን ሰው እውነተኛ ደረሰኝ ማጥፋት ጀመረ። ታዲያ ምን ቢደረግ ጥሩ ነው? የጠፋውን የሚመልስ ቁልፍ ተጨመረ። ደረሰኙ መጀመሪያውኑ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚላክ ለማወቅ የተመደበ ሰዓት ግን አልነበረም። መዘርሺፕ ኮርን ባየሁ ቁጥር ያ ቁልፍ ትዝ ይለኛል።

ሁለት ምሳሌ ልጨምር፤ አንዱ የምስጋና ነው። ዋርሃውንድ የሚባል የቴራን ማሽን በ2012 ለሙከራ ቀርቦ ነበር። ሜካኒካል ጠላት ሲያይ ሚሳይሉን በራሱ ይተኩሳል። ተጫዋቹ "ሂድ" ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። ብሊዛርድ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ሰረዘው። ባለሙያ የምለው እንዲህ የሚቆርጠውን ነው። ሁለተኛው ስዋርም ሆስት ነው፤ በ2013 የመጣ የዜርግ ዩኒት። መሬት ውስጥ ተቀብሮ በየጊዜው ነፃ አንበጣ ይፈለፍላል። አንበጣዎቹ ቢሞቱ አንዲት ማዕድን አታጣም። ሁለት ሰዎች ተፋጠው የሚቀመጡበት፣ ተመልካች የሚያንቀላፋበት ጨዋታ የበዛው ያኔ ነው። በ2015 አንበጣ የሚፈለፈልበትን ጊዜ አራዝመው፣ አንበጣዎቹም መብረር እንዲችሉ አድርገው ሠሩት። ተቀብሮ የሚያደክመው ፍጡር ድንገት ወርሮ የሚሸሽ ሆነ። የምታጣው ነገር የሌለው ዩኒት ምንም አይጠይቅህም፤ አደጋ የሌለበት ቦታ ላይ ውሳኔ የለማ።

ጥሩዎቹስ? አሉ እንጂ። ባንሊንግ በ2010 መጣ፦ እየተንከባለለ ደርሶ የሚፈነዳ፣ ርካሽ፣ ሲፈነዳም የሚሞት። የቴራኑን ማሪን "ወታደሮችህን መበተን ትችላለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ማሪንኪንግ በሚል ስም የሚታወቀው ኮሪያዊ ተጫዋች ዝናውን የገነባው ይህን ጥያቄ በጣቶቹ በመመለስ ነው፤ ማሪኖቹን አንድ በአንድ ሲበታትን ተመልካች ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ልብ በሉ፣ ማሪን ራሱ እምብዛም አልተለወጠም። ዋጋው በሁለቱም ጌሞች 50 ማዕድን ነው፤ ዕድሜው ከ40 ወደ 45 ከፍ አለ፣ በቃ። አሮጌው ዩኒት ስለተጠየቀ አዲስ ሆነ።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። ስታርክራፍት 2 በነፃ መጫወት የተቻለው ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ነው። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ለሌለን የዶርም ልጆች ደጁ የተከፈተው ያኔ ነው። ግን አዲስ አበባ ተቀምጠህ ስትጫወት የምትገናኘው ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ነው፤ ማውስህን ከተጫንክ በኋላ ትዕዛዝህ ዘግይቶ ይደርሳል። ኔትወርክ ሲያቃስትማ አትጠይቁኝ። ዲስራፕተር የሚባለው የ2015 የፕሮቶስ ዩኒት ሁለት ሰከንድ ገደማ የሚቆይ የብርሃን ኳስ ይለቃል፤ ከሥሩ ያልሸሸ ያልቃል። ለኮሪያ ልጅ ይሄ የጣት ፈተና ነው። ለእኔ ዕጣ ነው። ለርከር ግን ሌላ ነው። ከብሩድ ዋር ተነስቶ በ2015 የተመለሰው ይህ ዩኒት አስቀድሞ ተቀብሮ መንገድ ይዘጋል። "በየት ትመጣለህ?" ነው የሚለው። ይህን ጥያቄ በቀስተኛ ኢንተርኔትም ቢሆን በጭንቅላትህ ትመልሳለህ። ባንሊንግም ጣት ይፈልጋል፣ አልክድም፤ ግን አስቀድመህ ታንክ ከተከልክና ቦታህን ከመረጥክ ማሰብ ፍጥነትን በከፊል ይተካዋል። ዩኒት ስትነድፍ ማን መመለስ እንደሚችልም እየመረጥክ ነው።

"ታዲያ ሁለተኛ ክፍል አዲስ ነገር ከሌለው ማን ይገዛዋል?" የሚል ሰው ይኖራል። ትክክል ነው፤ ማስታወቂያ ላይ የሚያምረው የአዳዲስ ዩኒት ዝርዝር ነው። "ቁጥር አስተካክለናል" ተብሎ ፖስተር አይሠራም። ግን ቁጥር ምን እንደሚያደርግ እዩ። በሜይ 2012 የዜርግ ንግሥት መሬት ላይ የምትተኩስበት ርቀት ከ3 ወደ 5 አደገ። አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፤ የዚያን ዓመት ጨዋታ ግን ገለበጠችው። ከልክ አልፏል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ቁጥር ሲስት በቁጥር ትመልሰዋለህ። ዩኒት ሲስት ሞዴል ተሠርቶለታል፣ ድምፅ ተቀርጾለታል፣ የሚወደው ተጫዋች አለው። ማውጣት ያቅትሃል። ያኔ ሌላ ዩኒት ታስገባለህ።

አሁን እዚህ አገር ጌም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚሠሩም አውቃለሁ። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። አዲስ ዩኒት ከመሳላችሁ በፊት "ይህ ዩኒት ባላጋራን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦" ብላችሁ ጻፉና ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱት። የራሳችሁን የሌላ ዩኒት ድክመት ሳትጠሩ መጨረስ ካቃታችሁ ፋይሉን ዝጉት። ከዚያ ያንን ሌላውን ክፈቱና ችግሩን እዚያው ፈልጉት።